ሁለት ማመልከቻዎች

«ጥበቃው ላይ ይሁና! ማን ይጠይቅለታል?» የሚለውን ሪድዋና የሰማችው በኮምፔንሳቶው ግድግዳ በኩል ነው። ተናጋሪው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሩፋኤል፣ አድማጩ ሾፌሩ ኤልያስ ነበር። ኮምፔንሳቶ ምስጢር የማይችል ግድግዳ ነው፤ በዚህ በኩል ያስነጠሰ ሰው በዚያ በኩል «ይማርህ» ይባላል። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አልሞላም፤ የጋምቤላ ሙቀት ግን ከሠራተኛው ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ነውና የቆርቆሮው ጣሪያ መንጣጣት ጀምሯል። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሏል፤ ናፍጣ ከየት ይምጣ? ሁለት ሙሉ በርሜል ናፍጣ ከመጋዘን ወጥቶ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ነበር ሁለቱን ሰዎች በማለዳ በር ያዘጋቸው። ኤልያስ አንድ ነገር አጉተመተመ። «አንተ ዝም በል እንጂ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለው አቶ ሩፋኤል። «ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ሰኞ የተረሳ ነገር ነው።»

ሪድዋና ናፍጣው የት እንደገባ ታውቃለች። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ሁለቱ በርሜሎች በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ተጭነው ወደ ዲማ ሄደዋል። ዲማ የወርቅ ቆፋሪው ፓምፕ ሌት ተቀን ስለሚሠራ፣ ናፍጣ ይዞ የሄደ ሰው ሳይቆፍር ወርቅ አገኘ ማለት ነው። የዕቃ መውጫ ፈቃዱን የጻፈችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት። አቶ ሩፋኤል «ባዶ በርሜል፣ ብዛት ሁለት ብለሽ ጻፊ» አላት፤ ጻፈች። መኪናው ግቢው በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ጃል አንዱን በርሜል በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና «ይሄ ባዶ አይደለም» አለ። ኤልያስ ጥሩንባውን ነፋበት። ጃል በመስኮት ሪድዋናን አያት። እሷም «ወረቀት አለው አይደል? ይውጣ» አለችው። ጃል እሷ ያለችውን አይጠራጠርም፤ በሩን ከፈተ። ዛሬ ጠዋት የመውጫ ፈቃዶቹን ፋይል ስታገላብጥ የዚያን ቀኑ ቅጂ በቦታው የለም። ሽቦው ላይ ተቀዶ የቀረ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ሩፋኤል አስጠራት። «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጀመረ። ኃላፊ የሠራተኛን አባት ጤንነት ሲጠይቅ ደግ ነገር አይከተልም። እሷና አባቷ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ለብቻቸው ይኖራሉ፤ እናቷ ፈሪዳ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የአባቷን የሀያቱን ሁለት ዓይን ስኳር በሽታ ወስዶታል፤ ቀኝ እጁም ብዕር መጨበጥ ትቷል። ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው በጎረቤት ፍሪጅ ነው። እንደ ዛሬው መብራት ሲጠፋ ደግሞ በረዶ ፍለጋ አሣ ሻጮቹን ሁሉ ደጅ ትጠናለች። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ በኮንትራት ስትሠራ ቆይታለች፤ የቋሚነት ደብዳቤዋ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ወር አልፎታል። አቶ ሩፋኤል ደብዳቤውን አንስቶ አሳያትና መልሶ አስቀመጠው። «የኮሚቴው ጸሐፊ አንቺ ነሽ። ቃለ ጉባኤው አጭር ይሁን። ይህችን ደግሞ ሰኞ ጠዋት እፈርማታለሁ» አላት። እሷም «እሺ» ብላ ወጣች። በኋላ ነው እሺ ያለችው ለምኑ እንደሆነ ራሷን የጠየቀችው።

ዛሬ ጃል ቁመቱ የግቢውን በር የሚያህል፣ ግራ ጉልበቱን እየጎተተ የሚራመድ፣ አርባ ዓመት የሞላው የኮንትራት ጥበቃ ነው። ሪድዋና ዘጠኝ ዓመቷ በነበረ ጊዜ ግን ከማታር ከተማ የወጣው የኑዌር ልጅ አዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ ይዞ ሲሮጥ ስሙ በራዲዮ ይጠራ ነበር። ያኔ ሀያቱ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። መሬቱን የተነጠቀ፣ ሚስቱ የካደችው፣ ደመወዙ የታገደበት፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል። ጨዋታ ባለበት ቀን ግን ደንበኛ ወዮለት፤ ሀያቱ ራዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ ጉብ ያደርግና ብዕሩን ይከድናል። ሪድዋና አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ኳሷ በቀኝ ስትሄድ እሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ እሷም ታዘነብላለች። ጃል ሲያገባ ሁለቱ ተያይዘው ይዘላሉ። አንድ ጊዜ መሬቱን የተነጠቀ ደንበኛ ተበሳጭቶ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ዘመድህ ነው? አንተ ስልጤ፣ እሱ ኑዌር» ቢለው፣ ሀያቱ «ግቡን ያገባው ለሁላችንም ነው፤ አንተም አጨብጭብ፣ ከዚያ ወደ መሬትህ እንመለሳለን» አለው። ሰውየው አጨበጨበ።

ያን ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የጃል ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ጋምቤላ መጣ። ሀያቱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቀን ጠረጴዛውን አጥፎ፣ ሪድዋናን የዒድ ቀሚሷን አልብሶ፣ ተጫዋቾቹ ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ከንጋት ጀምሮ ቆመ። ጃል ሲወጣ፣ ለሚኒስትር ሲጽፍ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው አፉ ተሳሰረ። አንዲት ቃል ቢያጣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጠው። ሌሊቱን የጻፈው ማመልከቻ ነበር። «ለእግር ኳስ ተጫዋች ጃል፤ ጉዳዩ፦ የልጄን እጅ እንዲጨብጡልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። «እኔ አመልካች የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ያለኝ ስሆን፣ ይህችው ልጄ የእርስዎን ግቦች አንድም ሳይቀር በራዲዮ የተከታተለች በመሆኑ...» እያለ ገጹን ሞልቶታል። ጃል ያኔ አማርኛ ማንበብ አይሆንለትም፤ የቡድኑ በረኛ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ሲያነበው ተጫዋቾቹ በሳቅ ተንከተከቱ። «መልስ ስጠው እንጂ! ጠርዙ ላይ ተፈቅዷል ብለህ ጻፍ» አሉት። ጃል ፊደል በፊደል እየተነገረው ጻፈ፣ ፈረመ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የሪድዋናን እጅ ጨበጠ። በማግስቱ ሜዳ ላይ በረኛው ሪድዋናን ሽቅብ አንስቶ የግቡን አግዳሚ አስነካት። አባትና ልጅ የባሮን ድልድይ ተሻግረው ወደ ቤት ሲመለሱ ሀያቱ መንገዱን ሙሉ ለብቻው ይስቅ ነበር። ሪድዋና አባቷ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ ወዲህ አላየችም።

ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ስሙ ከራዲዮ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት ጃል የጥበቃ ልብስ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ስታገኘው ክው ብላ ቀረች። ማንነቷን ስትነግረው «ባለማመልከቻዋ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን «ለአባትሽ በር ላይ እንደቆምኩ አትንገሪው። እሱ እንደዚያው ይወቀኝ» አላት። እሷም ለአባቷ ጃል አዲስ አበባ ልጆች ያሠለጥናል ብላ ነገረችው። ውሸት ናት፤ ግን ማንንም አልጎዳችም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ጃል ስለ ማታው ጨዋታ ያለውን ይነግራታል፤ ተከላካዩ ቀድሞ ወጣ፣ አሠልጣኙ ዘግይቶ ቀየረ ይላል። እሷ ማታ ለአባቷ «በራዲዮ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ» ብላ ታደርስለታለች። አባቷ «ማነው እሱ? ኳስ ገብቶታል!» ይልና የራሱን ክርክር ያነሳል፤ እሷም በማግስቱ ያንን ለጃል ትመልሳለች። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ በእሷ አፍ ሁለት ዓመት ተጫወቱ። ሪድዋና ከቤት እስከ ቢሮ ባላት ሕይወት ውስጥ የምትወደው ነገር ቢኖር ይኸው መልእክት ማመላለስ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ፤ አምስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ላስቲክ ውሃ። መብራት ስለሌለ ሪድዋና ቃለ ጉባኤውን በእጇ ያዘች። ሰብሳቢው ሙሉብርሃን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጡረታው የቀረበ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው አንዳንዴ ከክፉው ይብሳል። ጃል ተጠርቶ ገባና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «በአንተ ተረኛነት ሁለት በርሜል ናፍጣ ወጥቷል። ምን ትላለህ?» አለው ሙሉብርሃን። «የመውጫ ወረቀት ነበረው» አለ ጃል። «ፋይሉ ውስጥ የለም።» «ነበረው። እኔ ተቀብዬ አስገብቻለሁ።» «ማን ጻፈው ታዲያ?»

ጃል ወደ ሪድዋና ዞረ። አልጠቆማትም፤ ስሟንም አልጠራም፤ አየት አደረጋትና ጠበቀ። ሪድዋና አቀርቅራ «ተጠርጣሪው የጽሑፍ ማስረጃ ማቅረብ አልቻለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እየጻፈች ነበር፤ «አልቻለም» የሚለው ላይ ብዕሯን አጠንክራ ያዘች፤ ቀና ካለች አለቀላት። ትንሽ ቆይቶ ጃል «እሺ» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ጉልበቱን እየጎተተ በረንዳውን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ኮቴው ይሰማት ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ዞረ። አራቱ ፈረሙ፤ አምስተኛዋ ፈረመች። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነ በቃለ ጉባኤ ብቻ ይሰናበታል ተባለና፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደብዳቤው ከነአባሪው ማኅተም ተደርጎበት በሩ ላይ ደረሰው።

ከሰዓቱን እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። ለምሳ ወደ ቤት አልሄደችም፤ አባቷ ስለ ረቡዑ ጨዋታ ምን ተባለ ብሎ እንደሚጠይቃት ታውቃለች። ከቢሮ ስትወጣ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ነበር። «ደህና ዋልሽ» ቢላት አልመለሰችለትም። በረዶ ገዝታ በፌስታል ይዛ፣ ለኢንሱሊኑ ጎረቤት አድርሳ፣ ቤቷ ገብታ ሻይ ጣደች። ሀያቱ በረንዳው ላይ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጦ ነበር። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አላት። «ሙቀቱ ነው፣ አባ» አለችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሻዩ አልፈላም ነበር።

ስትከፍት ጃል ነው። የጥበቃውን ልብስ አውልቆ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ የስንብት ደብዳቤውን ፖስታ ደረቱ ላይ ይዟል። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ አንቺ አልመጣሁም» አላት። «ፍርድ ቤት በር ያሉትን ጸሐፊዎች ጠየቅሁ። እንዲህ ያለውን የሚረታ ሀያቱ ብቻ ነበር አሉኝ።» አልፏት ገባ። በረንዳው ሥር ቆሞ «ጋሽ ሀያቱ፣ ጃል ነኝ። ኳስ ተጫዋቹ» አለ።

ሀያቱ ከመቀመጫው ሲነሳ በርጩማው ተገለበጠ። «ካፒቴን!» አለ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሪድዋና! ካፒቴኑ ቤታችን መጣ እኮ! ከአዲስ አበባ መቼ ገባህ? ልጆቹስ? ይቺ ልጅ ስላንተ ስትነግረኝ ነው የምውለው።» ጃል ሪድዋናን አየና ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አዲስ አበባ አይደለሁም። እዚሁ ነኝ፤ ጥበቃ ነበርኩ። ለእርስዎ እንዳትነግር የለመንኳት እኔ ነኝ። ባዶ በርሜል በሚል ወረቀት ናፍጣ ወጣ፤ ዛሬ እኔን በሌብነት አባረሩኝ።» ሀያቱ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን በርጩማ ፈልጎ አቆመ። ከዚያ በዳበሳ ተቀመጠና እንደ ድሮው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሁሉ ጀርባውን አቀና። «ጥበቃ መሆን ነውር አይደለም» አለ። «ሌባ ማለታቸውን ግን እናያለን። ሪድዋና፣ ወረቀትና ብዕር አምጪ።»

ሀያቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጣሰው ሕግ ነበረው፤ የባላጋራው ወረቀት ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይነበብለት አንዲት መስመር አይጽፍም፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ ፈራሚዎቹ ሳይቀሩ ይነበባሉ። ብዙ ጉዳይ የረታው በዚህ ነው፤ ሌላው የሚያልፈው ግርጌ ላይ እሱ ስህተት ያገኝ ነበር። ሪድዋና ደብዳቤውን አነበበች። ከዚያ አባሪውን፣ የራሷን እጅ ጽሑፍ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አነበበችለት። «አልቻለም» የሚለው ላይ ስትደርስ አቆመች። «እዚህ ላይ ይበቃል» አለች። «ፈራሚዎቹስ?» አለ ሀያቱ። ጃል «ስሞቹ ይቅሩ፣ ጋሽ ሀያቱ፤ አያስፈልጉም» አለ። «እንዴት አያስፈልጉም? የምንከስሰው ማንን ሊሆን ነው፣ ጠረጴዛውን? አንብቢ።»

«ሙሉብርሃን ተካ» አለች። «ኤልናታን ሽብሩ። ኛሪየክ ቱት። ኮከብ አድማሱ።» ወረቀቱን አጠፈችው። ሀያቱ በግራ እጁ ጣት እየቆጠረ ነበር። «አራት። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አምስት ነው። አምስተኛው ካልፈረመ ውሳኔው ይፈርሳል፤ በዚች ብቻ እንረታቸዋለን!» አለ በደስታ። ሪድዋና ጃልን አየችው። ጃል መሬት መሬቱን ያያል፤ ጠዋት ያዳናት አልበቃው ብሎ አሁንም ዝም ብሎላት ነበር። ይህ ዝምታው ነው ያንገበገባት።

«ፈርሟል፣ አባ» አለች።

«ማነው?»

«ሪድዋና።»

«ሪድዋና ማን?» አላት፤ በእሱ ሥራ ያለ አባት ስም የተጻፈ ስም ስም አይደለም፤ ልማድ ሆኖበት ነው የጠየቃት።

«ሪድዋና ሀያቱ።»

ጎረቤት ቤት ልጅ ሲያለቅስ ይሰማ ነበር። ሀያቱ የያዘውን ጣት አልለቀቀም። «በርሜሉ ሙሉ ነበር?» አላት በመጨረሻ። «ሙሉ ነበር። የመውጫ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሩን ክፈት ያልኩትም እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን ይፈርምልኛል ብዬ... ለመድኃኒትህ ብዬ ነው፣ አባ።» «በእኔ አታሳብቢ» አላት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ከዚያ የማያይ ፊቱን ጃል ወዳለበት አዞረ። «ካፒቴን፣ የተፈረመብህ በእኔ ስም ነው። ይቅር በለኝ።»

«ጻፊ» አላት ሀያቱ። ጻፈች። አመልካች፣ ተጠሪ፣ ጉዳዩ፣ ዝርዝሩ፤ ቃሉ ሳይደነቃቀፍ እንደ ጥንቱ ፈሰሰለት፤ አምስቱንም ስም በተራ አስጻፋት፤ የራሷንም ከነአባቷ ስም። ገጹ ሊያልቅ ሲል «የሰው ማስረጃ» አለ። «አንደኛ ምስክር» አለና ስም ሳይጠራ አቆመ። ጃል «ምስክር አያስፈልግም» አለ። «ሥራዋን ታጣለች። መድኃኒቱስ?» «እኔ ምንም አላልኩም፣ ካፒቴን» አለ ሀያቱ። «ብዕሩ ያለው እሷ ጋ ነው።»

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ የተነሳ ሰው የለም። ሪድዋና የአቶ ሩፋኤልን ጠረጴዛ አሰበች፣ ሰኞ ጠዋት የምትቀደደውን ደብዳቤ አሰበች፣ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ብልቃጦች አሰበች። ሦስተኛውን ከየት እንደምታመጣ አታውቅም። ከዚያ ጻፈች።

«አንብቢልኝ» አለ ሀያቱ።

«አንደኛ ምስክር፣ ሪድዋና ሀያቱ።»

«ቀኑን ጻፊበትና ለካፒቴን ስጪው፤ ይፈርም» አላት። ይህን ሲላት ፊቱን ከጃል ወደ እሷ አልመለሰም። ሪድዋና ቀኑን ጻፈች። ይቅር ይላት እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።